የአእምሮ ሕመምን ቅርስ በኪነ ጥበብ ስለ መጠበቅ፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሠዓሊዎች፣ አዝማሪዎች፣ ሕመሙን የኖሩ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው አንድ ላይ ሆነው ስለሚሠሩት የቅርስ ሥራ ከጎንደር ነዋሪዎች የሚነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የአእምሮ ጤና ቅርስ ሲባል ምንን ያጠቃልላል?

አንድ ማኅበረሰብ የአእምሮ ሕመምን እንዴት እንደተረዳው፣ ሕመምተኛውን እንዴት እንዳስታመመው፣ አንዳንዴም እንዴት እንደበደለው የሚያሳይ ነገር ሁሉ የዚህ ቅርስ አካል ነው። ክታቡ፣ ጠበሉ፣ የዛሩ ሥርዓት፣ የበገናው ዜማ፣ የእናት እንጉርጉሮ፣ ከሆስፒታል የተሰጠች የቀጠሮ ካርድ፣ ሰው የታሰረበት ሰንሰለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታመሙ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ታሪክ በዚህ ውስጥ ይካተታል።

በከተማችን ቅርስ ሲባል ቶሎ ወደ ልብ የሚመጣው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ነው። ግንብ ቢፈርስ ፍርስራሹ ይታያል፤ ልጃቸውን ዕድሜ ልክ ያስታመሙ እናት ዕውቀታቸውን ይዘው ሲያልፉ ግን ምን እንደጠፋ እንኳ የሚያውቅ የለም። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች፤ ስለዚህ ቃል፣ ዜማ፣ ሥርዓትና ዕውቀት እንደ ሕንፃው ሁሉ ጥበቃ የሚገባቸው ቅርሶች ናቸው።

ይህ ሥራ በተለይ ለጎንደር ለምን ይገባል?

ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታት መናገሻ ከሆነች ጀምሮ የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት የሚሰበሰቡባት ከተማ ናት፤ ከጉባኤ ቤቶቿ ከወጡት ደብተራዎች መካከልም በብራና ላይ ጸሎትና ጠልሰም፣ ማለትም ክፉ መንፈስን ያርቃል የሚባል ሥዕል፣ እየጻፉ ለሕመምተኛ የሚሰጡ ነበሩ። ክታቡ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ተዘጋጅቶ፣ ብዙ ጊዜም በባለቤቱ ቁመት ልክ ተሰፍቶ፣ የቅዱስ ሱስንዮስና ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው የውርዝልያ ታሪክ፣ አጋንንትን ያጠምዳል የሚባለው የመርበብተ ሰሎሞን ጸሎት፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሰፍሩበታል። ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይከተትና አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ወይም ከራስጌ ይሰቀላል። በውስጡ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፍበታል፤ ባለቤቶቹም አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይገባ ስለነበር፣ በአንድ ጥቅል ብራና ላይ የተለያዩ ሰዎች ጭንቀት ተደራርቦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሆስፒታል ካርድ ማውጣት ከመጀመሩ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በዚህች አገር የሕመምተኛ ስም ተጽፎ የቆየው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የዘመናዊው ሕክምና ታሪክም የራሱ ትዝታ አለው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ በመቆየቱ፣ ከጎንደር ሕመምተኛ ይዞ በአውቶቡስ ወደዚያ መጓዝ ለብዙ ቤተሰብ እንደ ስደት ነበር። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በሌላ በኩል በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ የጎንደር እናቶች ያወጡት ግጥም እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ ይገኛል፤ ያ ሐዘን በማናቸውም የሕክምና መዝገብ ላይ ባይሰፍርም የከተማዋ የአእምሮ ታሪክ ክፍል ነው።

ታሪኩን ጽፎ ማስቀመጥ አይበቃም? ኪነ ጥበብ ለምን አስፈለገ?

ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የደብተራው፣ የሐኪሙ ወይም የተመራማሪው ቃል ነው። ታማሚው ራሱ ያየውን፣ የሰማውን፣ የፈራውን የሚናገርበት ቦታ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ እጅግ ጠባብ ነው። ሕመም ደግሞ ሁልጊዜ በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር አይነገርም፤ በቀለም፣ በዜማ፣ በዝምታም ይነገራል።

ለዚህ የሚሆን ወግ በእጃችን አለ። ሰምና ወርቅ ሰው በግልጽ ለመናገር የሚከብደውን ነገር እንዲናገር መንገድ ይከፍታል። የአዝማሪው ልማድ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ሲሰጥ አዝማሪው በማሲንቆ ይቀበለዋል፣ ቃሉ የሰጪው ሆኖ ድምፁ ግን የአዝማሪው ይሆናል። ስለ ራሱ ሕመም ቆሞ መናገር የሚያሳፍረው ሰው በዚህ መንገድ ግጥሙን አስቀድሞ ሰጥቶ፣ ከሰው መካከል ተቀምጦ የገዛ ታሪኩን ሲዜም መስማት ይችላል። ዜማ የተጨነቀን ልብ እንደሚያሳርፍም አባቶቻችን ከመጽሐፍ የተማሩት ነው፤ ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ሥራ ፍሬ አፍርቷል። በብራዚል ሐኪሟ ኒዜ ዳ ሲልቬይራ ሕመምተኞች በሥዕልና በቅርፃ ቅርፅ የሠሩትን ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1952 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሙዚየም መሥርታለች፤ ሙዚየሙ ዛሬም አለ።

ሥራው በተግባር ምን ይመስላል?

በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ ዕድር ዙሪያ ያሉ ሰዎች በተወሰነ ቀን እየተገናኙ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ያስታመሙትንና የታመሙትን ያወራሉ፤ የፈቀደ ሰው ድምፁ ይቀረጻል። ከወሬው ውስጥ ሰው የማይረሳው አንድ ነገር ይወጣል፤ የጠበል መቅጃ፣ ሌሊት የተዘጋ በር ወይም የአንድ ዘመድ ነጠላ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያ ነገር ተሳታፊዎቹ በሚያውቁት እጅ ይሠራል፤ የሚሰፋ በስንደዶና በአክርማ፣ የሚጠልፍ በክር፣ የሚያበጅ በሸክላ፣ የሚሥል በቀለም ይሠራዋል። በመጨረሻም ሥራው ከተቀረጸው ድምፅና ከአጭር ማብራሪያ ጋር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ድምፁ የሌለው ሥዕል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማን እንደሆነና ስለ ምን እንደተሠራ የማይታወቅ ጌጥ ሆኖ ስለሚቀር፣ ምዝገባው ከሥዕሉ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

በሥዕሉ ላይ አንድ ጉዳይ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ወግ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎችና አጋንንት ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። እንግዲህ በዚህ ስልት የሠለጠነ ሠዓሊ የታመመውን ሰው እንዴት ይሣለው? በእኔ እምነት መልሱ አያሻማም፤ ሕመምተኛው ሁለት ዓይን ሊኖረው፣ ተመልካቹንም ፊት ለፊት ሊያይ ይገባዋል። ወጣት ሠዓሊዎች ይህን ከሥራው መጀመሪያ ቢነጋገሩበት የመላው ሥራ አቋም በአንድ ፊት አሣሣል ላይ ይገለጣል።

ሥዕል መሣልም መዝፈንም የማይችል ሰው ምን ያደርጋል?

ያወራል፣ ያዳምጣል፣ የቆየ ዕቃ ወይም ፎቶግራፍ ያመጣል፣ ስለ ሌላው ሰው ሥራ አስተያየት ይሰጣል። ከዚህ ሥራ የሚጠበቀው እውነተኛ ትዝታ ነው፤ የእጅ ጥበቡን ባለሙያ ሊያግዝ ይችላል።

ሕመሙ ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው መሳተፍ ይችላል?

መሳተፍ ብቻ ሳይሆን መምራትም ይችላል፤ ያለ እነርሱ የሚሠራ ሥራ ስለ እነርሱ የሚወራ ወሬ ይሆናል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች እጅን ያንቀጠቅጣሉ፣ እንቅልፍ ያስይዛሉ፣ አፍ ያደርቃሉ። ስለዚህ መገናኛው በማለዳ ባይሆን፣ የሚጠጣ ውኃ በቅርብ ቢቀመጥ፣ ወፍራም ብሩሽና ትልቅ ወረቀት ቢዘጋጅ፣ ማረፍ የፈለገም ፈቃድ ሳይጠይቅ ቢያርፍ ብዙ ሰው ሳይሸማቀቅ ይቆያል።

ሕመሙ በበረታበት ወቅት ግን ታሪክ ማስነገር አይገባም፤ ሰውየው ሲሻለው የሚጸጸትበትን ነገር ሊናገር ይችላል። ስለ ጦርነት፣ ስለ እስር ወይም ስለ ጥቃት የሚነሣ ትዝታ በማንም ላይ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ወይም ሌላ የሠለጠነ ሰው በአቅራቢያ ቢገኝ፣ ጠያቂውም ተናጋሪው ማቆም ሲፈልግ ወዲያው ቢያቆም ይበጃል።

ይህ ሕክምና ነው? የጀመርኩትን መድኃኒት ልተው?

ሕክምና አይደለም፤ መድኃኒትም መተው አይገባም። ሰው ከሰው ጋር መገናኘቱ፣ መደመጡና አንድ ነገር ሠርቶ ማሳየቱ መንፈስን ሊያበረታ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ እንቅልፍ አልባ ቀናትን የሚያስከትል መነሣሣት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ራሱን ለማጥፋት እንደሚያስብ የተናገረ ሰው ብቻውን ሊተው አይገባም፤ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።

ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ጠበል ሲገባ ነው፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ስለሚባል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ ስለ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲያስተምሩ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው ማለታቸው ይታወሳል፤ ይኸው ትምህርት ለአእምሮ ሕመምም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። በጾም ወራት የመውሰጃ ሰዓቱን ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ሐኪሙን ያማክር እንጂ በራሱ አያቋርጥ።

ዛርንና ክታብን መመዝገብ ባዕድ አምልኮን ማስፋፋት አይሆንም?

ይህ ከካህናትም ከምእመናንም የሚመጣ፣ በቅንነት የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያን የዛርን ሥርዓት ታወግዛለች፤ በክታብ የሚሠራውንም አስማት የሚቃወሙ ሊቃውንት ጥንትም ዛሬም አሉ። እነርሱ የሚሉትም አብሮ ሊመዘገብ ይገባል፤ ተቃውሞው የታሪኩ ክፍል ነውና።

ነገር ግን አንድን ነገር መዝግቦ ማስቀመጥ ሥርዓቱን መፈጸም አይደለም። በዛር ቤት የነበሩት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በዕለት ኑሯቸው ትእዛዝ የሚቀበሉ ሴቶች በዛሩ ስም ሲፎክሩ፣ ሲያዝዙ፣ ሽቶና ጌጥ ሲጠይቁ ይሰሙ ነበር። ይህ ስለ እነዚያ ሴቶች ኑሮና ጭንቀት የሚነግረን ነገር ከሌላ ምንጭ የማይገኝ ስለሆነ፣ በዝምታ ቢጠፋ የሚጎዳው የእነርሱ ታሪክ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በአመዘጋገቡ ላይ ነው፤ ለካሜራ ሲባል ዛር ማስነሣት፣ ጉሪ (በዛር ጊዜ የሚደረገውን የራስና የሰውነት ውዝዋዜ) ማስወረድ ወይም ልክፍትን በትያትር ማስመሰል በፊት ያለፈበትን ሰው ሊያውክ ስለሚችል መደረግ የለበትም። ያዩ ሰዎች ያዩትን ይናገሩ፣ ይሣሉት፤ ይኸው ይበቃል።

ጠበልን በተመለከተ ከውኃው ሌላ የሚታይ ነገር አለ፤ በጠበል ቦታ የሚያስጠጉ ሰዎች፣ ለማያውቁት ሕመምተኛ የሚያካፍሉት ቆሎና ዳቦ፣ በማደሪያው የሚፈጠረው ዝምድና ነው። በቤልጂየም የምትገኘው ጌል ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ለፈውስ ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ የአእምሮ ሕመምተኞችን ነዋሪዎቿ በየቤታቸው ያስተናግዱ ነበር፤ ይህ ልማድ ወደ ዘመናዊ የቤተሰብ እንክብካቤ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በመልካም የቅርስ ጥበቃ ተሞክሮነት መዝግቦታል። የእኛን የጠበል ቦታ እንግዳ ተቀባይነት በዚህ ዓይን ያየው ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ቡዳ የሚወራውስ ቅርስ ነው?

ታሪክ ነው፤ የሚኮራበት ግን አይደለም። በወለቃና በአካባቢዋ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች ለሌላው ሰው ሕመም ምክንያት ተደርገው በቡዳነት ተወንጅለዋል፤ በዚህም ተገልለዋል፣ ተፈርተዋል፣ ተጎድተዋልም። የታመመ ሰው «ቡዳ በልቶት ነው» ሲባል ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ታማሚው ሕክምና ይዘገይበታል፣ የተጠረጠረው ጎረቤት ደግሞ ይጠላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ትረካ ሲቀረጽ የተወነጀሉት ሰዎችና የልጆቻቸው ቃል ከጎኑ ካልቆመ ብቻውን ለሕዝብ ባይቀርብ ይሻላል። በዚህ ነገር ሁለቱንም ወገን እኩል አስቀምጦ ዝም ማለት ፍትሕ አይመስለኝም፤ ውንጀላው ሐሰት እንደነበር በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ከጎንደር ወደ ውጭ አገር የወጡ ቅርሶችን ማየት ይቻላል?

በከፊል ይቻላል። በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ቡድን በጎንደር ለወራት ተቀምጦ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ በአስተርጓሚው በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እየታገዘ የታወቁት የዛር ባለቤት መልካም አየሁና ተከታዮቻቸው የሚሉትንና የሚያደርጉትን በየቀኑ ይመዘግብ ነበር፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ጎንደር ዛርና ስለ ትያትራዊ ገጽታው መጽሐፍ አሳትሟል። ቡድኑ ክታቦችና ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስቧል፤ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንንም ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥቶ በቦታቸው የፈረንሳዊው ሠዓሊ የጋስቶን ሉዊ ሩ ቅጂ እንዲተካ አድርጓል። የተነሡት ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የሙዚየሙ ስብስብ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ሊታይ ይችላል።

የሚያሳዝነው የዕቃዎቹ መውጣት ብቻ አይደለም። ስለ ጎንደር ሴቶች ሕመምና ፈውስ በዝርዝር ከተጻፉት ጥንታዊ ማስታወሻዎች አንዱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ በመሆኑ የባለታሪኮቹ የልጅ ልጆች ሊያነቡት አይችሉም። በእኔ አስተያየት የአካባቢው ሥራ መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው ነገር ይህንን ማስታወሻ በአማርኛ አስተርጉሞ በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ማንበብና እነርሱ የሚሉትን ከጎኑ መመዝገብ ነው። ዕቃውን ማስመለስ የመንግሥታት ድርድር ይጠይቃል፤ ቃሉን መመለስ ግን አስተርጓሚና ትዕግሥት ይበቃዋል።

በየቤቱ የቀረ አሮጌ ክታብ ያለው ሰውም ለጎብኚ ከመሸጥ ይቆጠብ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ቅርስን ለማጥናትም አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ክታቡን ለሥራው ማዋል የሚፈልግ ቤተሰብ ፎቶግራፍ ተነሥቶለት ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ቢመለስ በቂ ነው። በላዩ የተጻፈው ስም የሕመምተኛ ስም ስለሆነ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ይሸፈን።

የሞተ ዘመዳችንን ታሪክ ለመናገር የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም መኖሩ ከታወቀ የልጅ ጋብቻ ይበላሻል ተብሎ ስለሚፈራ፣ አንዱ እህት ልናገር ስትል ሌላው ወንድም ይከለክላል፤ ሁለቱም የሚሉት ምክንያት አለው። እንዲህ ሲሆን የሚሻለው ታሪኩን ቀርጾ በቤተሰቡ ስምምነት ለተወሰነ ዘመን ዘግቶ ማስቀመጥ ወይም ስምን፣ ሰፈርን፣ የቤተ ዘመድን መለያ ሁሉ አውጥቶ ማቅረብ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳለ ይደበቅልኝ ብሎ ከነበረ ግን ቃሉ ይከበርለት፤ የቅርስ ፍቅር ከዚያ አይበልጥም።

በሕይወት ላለ ሰው ሕጉም ጥበቃ ያደርጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ አድርጎ ይመለከተዋል። ፈቃድ አንዴ ተፈርሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከቀረጻው በፊት፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ለእይታ ከመቅረቡም በፊት እንደገና ሊጠየቅ ይገባል። ተናጋሪው ሐሳቡን ቢለውጥ ድምፁ ይጠፋለታል።

የተሠራው ሥዕልና የተቀዳው ድምፅ የማን ነው?

የሠሪው ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥዕሉ ወይም የግጥሙ አመንጪ ባለመብት ነው፤ የታመመ መሆኑ ከዚህ መብት ምንም አይቀንስበትም። ሥራው ቢሸጥ፣ ቢታተም ወይም በፖስት ካርድ ቢወጣ ገንዘቡና ውሳኔው የእርሱ ነው። ስሙ እንዲጻፍ ወይም እንዳይጻፍ የሚወስነውም ራሱ ነው፤ አንዳንዱ ሰው በስሙ መታወቅን ከምንም በላይ ይፈልጋል።

ይህን አጥብቀን የምንይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በጀርመን የሃይደልበርጉ ሐኪም ሃንስ ፕሪንዝሆርን ከ1919 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. በየሆስፒታሉ የነበሩ ሕመምተኞች የሠሩትን 5,000 ያህል ሥራ ሰብስቦ ነበር፤ በኋላ ናዚዎች ከዚያ ስብስብ የተወሰኑትን ወስደው ዘመናዊ ሠዓሊዎችን ለማዋረድ ባዘጋጁት ዐውደ ርእይ ላይ ሰቀሏቸው። ሠሪዎቹ ስለ ሥራቸው የሚሉት ነገር እንዲኖር ማንም አላሰበም ነበር።

ሰው የታሰረበት ሰንሰለት ለእይታ መቅረብ አለበት?

ያሰሩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚወዱት ናቸው፤ ገደል እንዳይገባ፣ መኪና እንዳይገጨው፣ ሰው እንዳይጎዳ ፈርተው፣ የሚረዳቸውም አጥተው አስረውታል። የታሰረው ሰው ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳ፣ በልቡም ቂም ይዞ ሊኖር ይችላል። ሰንሰለቱ ብቻውን በመስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ተመልካቹ ቤተሰቡን ይረግማል ወይም ሕመምተኛውን ይፈራል፤ ሁለቱም ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ ሊቀርብ የሚችለው የታሰረው ሰው ራሱ ከፈቀደ፣ የእርሱም የቤተሰቡም ድምፅ አብሮ የሚሰማ ከሆነ፣ በዚያው ቦታም ሕክምና የት እንደሚገኝ በግልጽ ከተጻፈ ነው። ዛሬም በየቤቱ ታስሮ ያለ ሰው ስላለ፣ እይታውን አይቶ «እኛም ቤት አለ» ብሎ የሚመጣ ዘመድ ይኖራል፤ በዚያ ሰዓት የሚያነጋግረውና ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ሰው ሳይመደብ ሰንሰለቱን ማሳየት አይገባም። ባለቤቱ በማናቸውም ቀን ይውረድልኝ ካለ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ይውረድለት።